ጎንደር ያልሄድንበት ቅዳሜ፦ በኪራይ ቪትዝ እንጦጦ ላይ ያለውን የድሮ ግንብ ፍለጋ

ነገሩ የጀመረው ከማሙሽ መፅሀፍ ነው። የፋሲል ግንብ ፎቶ አለበት፣ እሱን ካየ ጀምሮ ነጋ ጠባ "ግንብ ውሰዱኝ" ሆነ። የጎንደር አውሮፕላን ትኬት ለአምስት ሰው ስናሰላው ባለቤቴ ስልኩን አስቀመጠና "ፋሲል የትም አይሄድም" አለ። በመኪና እንዳንሄድ ደግሞ የመንገዱን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንደዚህ እንደዚህ እያልን እያለ አንድ እሁድ ወንድሜ ቡና ሊጠጣ መጥቶ "ግንብ ከሆነ የፈለጋችሁት እዚሁ እንጦጦ ላይ አለ አይደል እንዴ፣ ያውም ከጎንደር የሚቀድም" ሲለን እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እዚህ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እንጦጦ ለፀበልም ለሽርሽርም ለምርቃት ፎቶም ስንቴ ወጥቻለሁ፣ ግንብ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ቀልድ አልነበረም። በእንጦጦ ማርያምና በየካው ዋሻ ሚካኤል መሀል ጫካው ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ፍርስራሽ አለ፣ 30 ሄክታር ገደማ ቦታ ላይ የተዘረጋ፣ 12 ማማ የነበረው ግንብና 520 ሜትር የድንጋይ አጥር ያለው፣ አጥሩ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይቆማል ተብሎ ተፅፏል። ቅርፁ አምስት ማዕዘን ስለሆነ ያጠኑት ሰዎች "ፔንታጎን" ብለውታል። ማሙሽ 12 ማማ የሚለውን ሲሰማ አበቃ፣ ጎንደር ተረሳ። (ችግሩ 12ቱም እንደ ፎቶው ቆመው የሚጠብቁት መስሎታል፣ እኛም በደንብ አላስረዳነውም።)

አርብ ጥቅምት 14፣ መኪናውን ስንቀበል

መኪና የለንም፣ እኛ የታክሲና የራይድ ሰዎች ነን። ግን እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ሚጣ አራት አመቷ ነው፣ አገልግል አለ፣ ፔርሙስ አለ፣ ጫካው ጋ ወርደን መመለሻ ብናጣስ? ስለዚህ ተከራየን። አንድ ያረጀ ነጭ ቪትዝ ያለሹፌር በቀን 3,500 ብር፣ ማስያዣ 20,000፣ በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር ካለፈ በየኪሎ ሜትሩ ተጨማሪ። "እንጦጦ ነው የምንሄደው" ስንለው ቁልፉን የሚሰጠን ልጅ ፈገግ አለና "ታዲያ ምን ኪሎ ሜትር ያስጨንቃችኋል" አለን። እውነቱን ነው፣ ከየካ አባዶ እንጦጦ ሩቅ ሆኖ አይደለም፣ ለኛ ግን ጉዞ ነው።

እኔ ስልኬን አውጥቼ የመኪናውን ዙሪያ ቀረፅኩ፣ በሮቹን፣ ባምፐሩን፣ ስፖኪዮውን፣ የጎማውን ቸርኬ ሳይቀር። ባለቤቴ አፍሮ "ኧረ ተይ ሌባ ናችሁ ያልናቸው ይመስላል" ይለኛል በጆሮዬ። እሱ በበኩሉ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይትና ውሃ አየ፣ ሊብሬና ቦሎ አየ፣ ፍሬኑን ሞከረ፣ ከኋላ ያለውን ስኮርታ ጎማ ግን ሁለታችንም አላየንም። ይሄን ያዙልኝ።

የሰጡን ቀዩ የነዳጅ መብራት በርቶ ነው። ማደያ ሰልፍ አንድ ሰአት ከሃያ ደቂቃ፣ ከዛ ተራችን ደርሶ በቴሌብር ልንከፍል ስንል ኔትወርክ የለም፣ ቀጂዋ "ትንሽ ጠብቁ ይመጣል" ትላለች፣ ከኋላ ያለው ባለ ሚኒባስ ክላክሱን አይለቅም፣ ባለቤቴ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ይዞራል። መጣና ከፈልን። ሊትሩ ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ ፉል አድርግ የሚለው ቃል ከአፋችን ጠፍቷል፣ የ2,000 ብር ነው የቀዳነው።

ማታ እማዬ ከቤቷ ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዛ መጣች፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ ቤቱ በሽታው ታጠነ። የጽጌን ፆም ስለምትፆም የሷ ስንቅ ለብቻ ነው፣ የሽሮ ፍርፍር በአገልግል፣ የገብስ ቆሎ፣ ሱፍ በላስቲክ ጠርሙስ። ለልጆቹ እኔ የእንቁላል ሳንድዊች ሰራሁ። ባለቤቴ የቱንም እንደማይፆም እየታወቀ ሁለቱንም በላ፣ ያውም ማታውኑ ጀምሮ።

ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከየካ አባዶ እስከ ሽሮ ሜዳ

12 ሰአት ተኩል ላይ ወጣን። በካራ በኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ በቀበና አራት ኪሎ። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው፣ ኮሪደር ልማቱ ከተሰራ ወዲህ ይሄን መስመር ሳላየው ስለቆየሁ ዳር ዳሩን ሳይ ነው የደረስነው፣ እማዬ "እዚህ ጋ የነበረው ሻይ ቤትስ? እዚህ ጋ የነበረችው የሰፈራችን ልጅስ?" እያለች የሌለውን ስትቆጥር። ከስድስት ኪሎ በኋላ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፈን ሽሮ ሜዳ ገባን፣ የሀገር ልብስ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነው፣ ሚጣ የተሰቀለ ቀሚስ ባየች ቁጥር "የኔ ነው" ትላለች። "ስንመለስ" አልኳት፣ ልጅ ካላችሁ ስንመለስ የሚለው ቃል ምን ያህል ውድ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ይጀምራል። ቪትዝዋ አምስት ሰውና አገልግል ይዛ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች፣ ባለቤቴ ኤሲውን ዘጋ፣ ቀጥሎ ሬዲዮውን ዘጋ፣ ሬዲዮ ምን ጉልበት እንደሚወስድ አላውቅም ግን ዘጋ። ከጎናችን ሯጮች ዳገቱን ሽቅብ እየሮጡ አለፉን፣ አዎ አለፉን። ቁልቁል ደግሞ ባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፣ ሸክሙ ከነሱ በሁለት እጥፍ ይረዝማል፣ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ፊታቸው አይታይም፣ እግራቸውና ጭነቱ ብቻ። አንዷ እማዬን የምታክል ናት። እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "አይዞሽ እህቴ" አለቻት፣ ሴትየዋ ቀና ሳትል "ይመስገን" አለች። ከዛ በኋላ መኪናው ውስጥ ትንሽ ዝም ተባለ።

እንጦጦ ማርያም

ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ቦታው፣ ከመኪና ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ማሙሽ ጃኬት አልለብስም ብሎ ነበር የመጣው፣ አሁን የአያቱ ጋቢ ውስጥ ነው።

ቤተክርስቲያኑን ተሳለምን። ስምንት ማዕዘን ነው፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሰ ነገስት ተብለው የተቀቡት እዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው ቤተ መንግስታቸው ጋ ለመግባት ለትልቅ ሰው 50 ብር ከፈልን፣ ልጆቹን በነፃ አስገቡልን። ማሙሽ ነጭ የተቀባውን የጭቃና የእንጨት ቤት አየና "ቤተ መንግስቱስ?" አለ። "ይሄ ነው።" "ይሄማ ያያዬ አባት ቤት ነው!" አለ ጮክ ብሎ፣ አስጎብኚው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። እውነትም መንዝ ያለው የእማዬ አባት ቤት ትንሽ ሰፋ ቢል ይሄን ነው የሚመስለው። አስጎብኚው ጥሩ አድርጎ አስረዳው፣ ንጉሱ እዚህ የቆዩት ጥቂት አመት ነው፣ ብርድ ነው፣ ማገዶ አለቀ፣ እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ፍልውሃው ጋ ወርደው ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ። አሁን ተራራውን የሸፈነው ባህር ዛፍ ከዛ በኋላ የመጣ ነው።

እዚህ ጋ ነው ወንድሜ የነገረኝ ነገር የገባኝ። ምኒልክ መጀመሪያውኑ እንጦጦ የወጡት በቦታው የአፄ ዳዊት ከተማ ነበረበት የሚለውን ሰምተው፣ ፍርስራሽም አይተው ነው ይባላል። ማለት እኛ የድሮ የምንለው ቤተ መንግስት ራሱ የድሮ ፍለጋ የመጣ ሰው ቤት ነው። አስጎብኚውን ስለ ፍርስራሹ ስንጠይቀው ወደ ምስራቅ በአገጩ ጠቆመና "ጫካው ውስጥ ነው፣ ምልክት የለውም፣ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ" አለን። ልጅማ ሁለት ይዘናል አለ ባለቤቴ።

ጫካው ውስጥ

ወደ ምስራቅ በመኪና የሚቻለውን ያህል ሄድንና መንገዱ ሲበላሽ ጥላ ስር አቆምን። ሁለት ላምና አንድ ጥጃ የሚጠብቅ የአስራ አራት አስራ አምስት አመት ልጅ መጣ። "ድንጋዩ ጋ ነው?" አለን፣ እኛ ግንብ እንላለን እሱ ድንጋይ ይላል። 300 ብር ተስማማን። ላሞቹን በኦሮምኛ ይቆጣል፣ እኛን በአማርኛ ያጫውታል፣ ወደ ላሞቹ ሲዞር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚሆነው። ላሞቹስ ስንለው "ያውቁኛል" አለ፣ በቃ ጥሏቸው ሄደ።

እማዬን መኪናው ውስጥ ጠብቂ ብንላት እንቢ አለች። "እማማ ዳገት አለው፣ ይረፉ" ይላታል ባለቤቴ፣ "እኔ መንዝ ነው ያደግኩት፣ ዳገት ለናንተ ነው" ብላ ዱላዋን ይዛ ፊት ፊት። ጥቅምት ስለሆነ ሳሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጤዛው ካልሲያችንን አረጠበው፣ የባህር ዛፍ ቅጠሉ ያንሸራትታል፣ መሀል መሀል ያረጁ ፅዶች አሉ። እኔ ነኝ ትንፋሽ ያጠረኝ፣ አምስት ደቂቃ እሄድና ፎቶ ለማንሳት እንደቆምኩ አስመስላለሁ።

የሆነ ቦታ ላይ ልጁ ቆመ። "ይሄው" አለ።

ማሙሽ ወዲያ ወዲህ አየ። "የታል?"

"የቆምክበት ነው።"

ልጄ ፊቱን ብታዩት። ቁጥቋጦና ሳር የሸፈነው የድንጋይ ክምር ነው፣ ድንጋዩ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሏል፣ አንዳንዱ ተንዶ ቁልቁል ተንከባሏል፣ የባህር ዛፍ ስር በመሀሉ ገብቶ እንደ ክንድ ፈልቅቆታል። ማማ የለ፣ በር የለ፣ መስኮት የለ። "ይሄማ ድንጋይ ነው" አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ 3,500 ብር እያልኩ ነበር። ባለቤቴ ስለ ማዕዘንና ስለ ማማ ከስልኩ ላይ ሊያነብለት ሲሞክር ጭራሽ ባሰበት።

እማዬ ናት ያዳነችን። ክምሩን ትታ ሳሩን በዱላዋ እየገለጠች ሄደች ሄደች፣ ከዛ ቁጢጥ አለችና "ና እስቲ ልጄ፣ እጅህን አምጣ" አለችው። የማሙሽን መዳፍ ይዛ ድንጋዮቹ ላይ አስኬደችው። "ካብ ስታይ መሀሉን አትይ፣ መሀሉን ማንም ይክበዋል። ማዕዘኑን ነው የምታየው። ይሄ ትልቁ ድንጋይ ወደዚህ ተኝቷል አይደል? ከላዩ ያለው ወደዛ። ከላዩ ደግሞ ተመልሶ ወደዚህ። እንዲህ ካልተነካከሰ አንድ ክረምት አይቆምም። የከብት በረት የሚሰራ ሰው እንዲህ አይለፋም፣ ይሄን የሰራው ጊዜም ሰውም የነበረው ነው።" አባቷ ድንጋይ ይክቡ እንደነበረ አውቃለሁ፣ መንዝ ቤቱም አጥሩም ድንጋይ ነው፣ ግን በአርባ አመቴ ይሄን ትምህርት ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። ለካ የሚጠይቃት አጥታ ነው።

ከዛ በኋላ ማሙሽ ሌላ ልጅ ሆነ። ማዕዘን ፍለጋ። እረኛው ልጅና እሱ ካቡን ተከትለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ፣ "ሁለት!" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ቆይቶ "ሶስት!"። ሚጣ ከኋላ እየሮጠች ያላየችውን ሁሉ ትቆጥራለች፣ ዘጠኝ ደርሳለች። በመጨረሻ አምስቱንም አግኝቻለሁ ብሎ መጣ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ እጁ በእሾህ ተቧጭሯል። እኔ ዞሬ ሳይ በርግጠኝነት ማዕዘን ነው የምለው ሶስት ነው። አልተከራከርኩም።

ትንሽ ከፍ ብሎ ዛፉ የተገለጠበት ቦታ አለ፣ እዛ ጋቢ አንጥፈን አገልግሉን ከፈትን። እንዲህ ያለ ምሳ በልቼ አላውቅም ብል አጋነንሽ አትበሉኝ፣ ያ ድፎ ዳቦ በዛ ብርድ፣ ቡናው ከፔርሙስ ገና ይጫጫሳል፣ ባለቤቴ የእማዬን ፍርፍር "ትንሽ ልቅመስ" ብሎ ግማሹን ጨረሰ። እረኛው ልጅ መጀመሪያ አልበላም አለ፣ እማዬ "በሞቴ" ስትለው እጁን በሳር ጠርጎ ቁጭ አለ።

ከታች አዲስ አበባ በጭጋግ ውስጥ ናት፣ ከሷ ወዲያ ግን ሰማዩ ጠርቷል። እማዬ በዱላዋ እየጠቆመች ትጠራልናለች፣ ያ የረር፣ ያ ፉሪ፣ ወዲህ ወጨጫ፣ እሱ አጠገብ መናገሻ፣ እዛ ሩቅ ብቻውን የቆመው ዝቋላ። ዝቋላ ስትል ብድግ ብላ አማተበች፣ "አቦዬ፣ አስር ቀን ሆነው እኮ በዓሉ ካለፈ"። በወጣትነቷ ለጥቅምት 5 በእግሯ ሄዳለች።

ወንድሜ የነገረኝ ካርታ ትዝ አለኝና ለባለቤቴ ነገርኩት። ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በ1450 አካባቢ (በፈረንጅ ነው) በሳለው የአለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል ከተማ በዝቋላና በመናገሻ መሀል ተፅፋለች። ባራራ በግራኝ አህመድ ዘመቻ ጊዜ እንደተዘረፈችና እንደተቃጠለች የመናዊው አረብ ፋቂህ ፅፏል፣ የአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ማለት ነው፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ ንጉሱ የተሸነፉት በ1521 ዓ.ም. ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው ከመቶ አመት በኋላ። ይሄ የተቀመጥንበት ቦታ ባራራ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ ክርክሩ ገና አላለቀም። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም ግን ቀኜን ሳይ መናገሻ ግራዬን ሳይ ዝቋላ ነው፣ መሀል ላይ እኛና አንድ አገልግል። ቬኒስ ቁጭ ብሎ የሳለ ሰው ያወቃትን ከተማ፣ እኔ እታች ተወልጄ በአርባ አመቴ በወሬ ሰማሁ። አንድ ታፔላ እንኳን የለም እኮ! ከዚህ ትንሽ ወዲያ በ2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ፣ ካፌ ብስክሌት ምናምን፣ ያምራል ክፉ አልናገርም፣ እዛ የሚገባው ሰው ሁሉ ግን ከበስተጀርባው ምን እንዳለ የሚነግረው የለም።

ለልጁ 300 ብሩን ሰጠነው፣ እማዬ የተረፈውን ዳቦ በላስቲክ ጨመረችለት። ላሞቹ የተዋቸው ቦታ ላይ ናቸው። ጥጃው ግን ቪትዝዋን እየላሰ ነበር፣ የፊት መብራቱ ላይ ሙሉ ምራቅ።

ዋሻ ሚካኤል

ገና ስድስት ሰአት ተኩል ስለሆነ ዋሻ ሚካኤልን ሳናይ አንመለስም አልን፣ ወደ ቤታችንም መንገድ ነው። በተራራው ላይ በእግር ይገናኛል አሉን፣ እኛ ግን ወደ ከተማ ወርደን በየካ በኩል መውጣት ነበረብን። ኮሮኮንቹ ክረምት የበላው ነው፣ ባለቤቴ ድንጋዩን እየመረጠ ሲወጣ ሲወጣ ጧ የሚል ነገር ሰማን፣ ከዛ ሽሽሽሽ። የኋላ ግራ ጎማ። ምንም አይደለም አለ፣ ክሪኩን አወጣ፣ መኪናውን አነሳ፣ ስኮርታውን አወጣ... ስኮርታው እንደ ትራስ ተጣጠፈ። ንፋስ የሚባል ነገር የለውም፣ መቼ እንደነበረውም አይታወቅም። ባለቤቴ ጎማውን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። እኔ ደግሞ "ቸርኬውን ሳይቀር ቀርጫለሁ" ያልኩት አፌን ያዝኩ።

አከራዮቹ ጋ ደወልን፣ ስልኩ ይጠራል አይነሳም። ደግነቱ አንድ ባለባጃጅ ከላይ ሲወርድ አገኘን፣ የፈነዳውን ጎማና ባለቤቴን ጭኖ ወደ ጎሚስታ ወረደ። ደርሶ መልስ 400 ብር፣ ልጠፋው 200። ጎሚስታው "ይሄ ጎማ አራተኛ ልጥፉ ነው" አለው አሉ።

እኔ፣ እማዬና ልጆቹ በእግራችን ቀጠልን። ለእማዬ የቀኑ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነበር፣ ጫማዋን ገና ከሩቅ አውልቃ በእጇ ይዛለች። ዋሻ ሚካኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሰራ ነው፣ አምዱም በሩም ግድግዳውም አለቱ ራሱ። ከላይ ክፍት ስለሆነ ሰማይ ይታያል፣ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሯል። ያስገባን ዲያቆን ከአብርሃ ወአፅብሃ ዘመን ነው አለን፣ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል፣ የቱም ይሁን ላሊበላ ካልሄድኩ የማላየው መስሎኝ የነበረ ነገር ከሰፈሬ በባጃጅ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። ማሙሽ ወዲያው ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና "እማማ ይሄ ማዕዘኑ አልተነካከሰም" አላት። "ይሄማ አልተካበም ልጄ፣ ይሄ ተቀንሶ ነው የተሰራው" አለችው። እሱን ሲያስብ ዝም አለ። ሚጣ ውሃው ውስጥ ገባች፣ በካልሲዋ።

ባለቤቴ በላብና በአቧራ ሆኖ ሲደርስ አስር ሰአት ሊሆን ነው። እሱ ዋሻ ሚካኤልን አላየም፣ ከበሩ ተሳልሞ ነው የተመለሰው። ሽሮ ሜዳም አልተመለስንም፣ የሚጣ ቀሚስ ቀረ፣ እስከ ኮተቤ ድረስ አለቀሰች፣ ከኮተቤ በኋላ ተኛች።

እሁድ ጥቅምት 16፣ ሲመለስ

ጠዋት ሶስት ሰአት መኪናውን አጥበን (150 ብር) መለስን። ያው ልጅ ዙሪያውን ዞረና ከኋላ በር ስር ጎንበስ ብሎ "ይሄ ጭረት አዲስ ነው፣ ከማስያዣው 6,000 ይቆረጣል" አለ። ስልኬን አወጣሁ። የአርብ ቪዲዮ፣ አስራ ሁለተኛዋ ሰከንድ ላይ ጭረቷ ቁጭ ብላለች፣ ከነአቧራዋ። ልጁ ሁለቴ አየውና "እሺ እሱ ይሁን" አለ። ስለ ስኮርታው ስንጠይቀው ደግሞ "ሁሌ እንነፋለን እኮ" ብቻ። የጎሚስታና የባጃጅ 600 ብራችንን ግን አልመለሱም፣ ጎማ የተከራይ ነው ብለው። ማስያዣው ማታ ገባልን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "ተይ ምን ይሉናል" ማለቱን አላነሳም፣ እኔም በቀን አንዴ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ልጁ መቀመጫዎቹን ሲፈትሽ ከኋላ ወንበር ስር አንድ ድንጋይ አወጣ፣ የቡጢ ያህል፣ ያ ሽበት የበቀለበት። "ይሄስ የናንተ ነው?" አለ። የማሙሽ ነው፣ ከካቡ አንስቶ በአያቱ ጋቢ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። እማዬ ስትሰማ ተቆጣች፣ "የሰው ቤት ድንጋይ ነው፣ ባለቤቱ ቢሞትም" ብላ። አሁን ቴሌቪዥኑ ስር ተቀምጧል፣ ለህዳር 16 ኪዳነ ምህረት እንጦጦ ስትሳለም ይዛው ልትሄድ ነው፣ ማሙሽም አብሬ ካልሄድኩ ቦታውን አታገኚውም እያላት ነው።